የማትገፋዋ መኪና

እኔ ሺሐታ መኪናን የማውቀው በትከሻዬ ነው። ሌላው ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ስለ ቀለሟና ስለ ፍጥነቷ ያወራል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባዋን ብደገፋት ስንት ኪሎ እንደምትመዝን፣ ጎማዋ መቼ እንደተነፋ፣ ባለቤቷ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ማደሩን ጭምር እነግራችኋለሁ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርት ቤቱ ከኔ የሚማረው ስላለቀ ተሰናበትኩት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሹብራ ሰፈር ውስጥ በዚችው ጠባብ መንገድ ላይ መኪና አስቆማለሁ፣ አስወጣለሁ፣ እገፋለሁ። አንድ ጊዜ ሠላሳ ሁለት ሰው የጫነ አውቶቡስ ድልድዩ ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ብቻዬን ገፍቼ አሻግሬዋለሁ። ተሳፋሪዎቹ ወርደን እናግዝህ ቢሉኝ "ተቀመጡ፣ ሚዛኑን ታበላሹብኛላችሁ" አልኳቸው። ይህን የማያምን ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ሳወራው እንጂ ሲሆን አላየሁትም።

አሁን የማወራው ግን ትከሻዬ ስላቃታት አንዲት መኪና ነው። በዚህኛው ላይ የጨመርኩት ነገር የለም። የጨመርኩት ያኔ ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

በኛ መንገድ መኪና በሁለት ረድፍ ይቆማል። ቀድሞ የመጣ የእግረኛውን መንገድ ተጠግቶ ያቆማል፤ ቦታ ያጣው ደግሞ ከሱ ጎን ሁለተኛ ረድፍ ይሠራል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያቆመ ሰው ጎማው እንዲላቀቅ ማርሹን ፎሌ ላይ ይጥላል፣ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፣ መሪውን አቅንቶ በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ከውስጥ ያለው መውጣት ሲፈልግ እኔ የውጪዋን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ አሳልፈዋለሁ፣ ከዚያ መልሼ አመጣታለሁ። ሕጉ ይኸው ነው። የጻፈው የለም፤ የጣሰውም አልነበረም።

ሙቀቱ ሊበረታ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በበድራን የሸንኮራ ጭማቂ ቤት በራፍ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሐጂ ረድዋን ከወዲህ፣ ልጃቸው ሪሃም ከወዲያ መጡና ፊቴ ላይ ተገጣጠሙ። ሐጂ ከምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት ጡረታ ከወጡ ሦስተኛ ወራቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ሰው መንገድ ሲመዘግቡ ኖረው ለራሳቸው አንድ ጎማ እንኳ አልነበራቸውም። የስንብት ገንዘባቸውን ሲቀበሉ "አዲስ መኪና፣ ከነላስቲኩ" ብለው ተነሡ። ሪሃም ፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ሁለት ነገሮች ሲጋጩ የትኛው እንደሚጎዳ በጠመኔ የምታስረዳ። ከትምህርት ቤት መመለሷ ነበር።

"ምን ይዘው ነው አባባ?" አለቻቸው።

ሐጂ በብብታቸው የያዙትን የሚያብረቀርቅ ወረቀት ዘረጉት። ግራጫ፣ ረዥም፣ ኋላዋ የተንዠረገገ መኪና ናት። በኛ ሰፈር እንዲህ ያለችውን ባለ ጭራ እንላታለን። ከኋላ ወንበሯ ወዲያ ቁርጥ የምትለዋን ትንሿን ደግሞ ጭራ ቆራጣ እንላታለን።

"የቤተሰብ መኪና ናት" አሉ ሐጂ። "አምስት ሰው እንደ ሰው ይቀመጥባታል። የዕቃ ቦታዋ ብቻ ሁለት ፍየል ያስተኛል።"

"ፍየል የት አለን?"

"ሰው መኪና ሲገዛ ያለውን ብቻ አያስብም።"

"እኛስ ስንት ነን?"

"ሦስት።"

"የቀረው ሁለት ወንበር የማን ነው?"

"የእንግዳ።"

"እንግዳ የመጣልን መቼ ነው?"

"መኪና ስትኖረን ይመጣል" አሉ ሐጂ። እኔ ሳቄን በሸንኮራ ጭማቂ ዋጥኩት።

ሪሃም አልሳቀችም። መኪናዋ የምትገዛው ለማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ለእናትሽ ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። የሐጂ ባለቤት እትዬ ኢንሺራሕ ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነው። በሳምንት ሁለቴ ሐኪም ያያቸዋል፤ የሚኒባሱ ደረጃ ለጉልበታቸው አልመች ብሎ ነበር። ሐኪሙም ራሷን ካዞራት ወይም አፏ ጠመም ካለ ደቂቃ ሳታባክኑ አምጡልኝ ብሎ አስጠንቅቋል። እንግዲህ ጉዳዩ ይኸው ነው፦ አንዲት ሴት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከዚች መንገድ በፍጥነት ሐኪም ቤት እንድትደርስ።

ሪሃም የአባቷን ከዘራ ተቀበለችና ከመብራት ምሰሶው እስከ በድራን ደጃፍ መሬቱን ለካች። እኔን የዚያኛውን ጫፍ ያዝልኝ ብላ ሠራተኛ አደረገችኝ። ባለ ጭራዋ በወረቀቱ ላይ ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ናት፤ ጭራ ቆራጣዋ አራት ሜትር አትሞላም። እኛ ጋ አንድ መኪና ወጥቶ የሚለቀው ቦታ አምስት ከዘራ ሳይሞላ አለቀ። ትንሿ ገብታ ክንድ ያህል ይተርፋታል፤ ትልቋ ጭራዋ ምሰሶው ውስጥ ነው።

ከዚያ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ትንሿ በአንድ ሊትር ቤንዚን የምትሄደው ይበልጣል። ጎማዋ ርካሽ ነው፤ በር ቢጫር፣ የጎን መስታወቷ ስፖኪዮ ቢገጭ የሚከፈለው ያንሳል፤ በኛ መንገድ ደግሞ ስፖኪዮ ሳይገጭ ዓመት አይሞላም። የዕቃ ቦታዋ ጠባብ ነው፤ ግን የኋላ ወንበሯን ሲያጥፉት አፏ እስከ ጣሪያ ይከፈታል። የበድራን የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሱ ጭራ ቆራጣ መምጣቱን እኔ ራሴ መሰከርኩ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ማሽኑ እየታጠበበት ነበር የመጣው እል ነበር፣ ሪሃም ፊት ግን አልደፈርኩም። ስለ አደጋስ ሲሏት፣ በቁመት አትመኑ፣ ስንት የአየር ከረጢት እንዳላት ጠይቁ፣ ተጋጭታ ስትፈተን ያገኘችውን ውጤት እዩ አለች።

"ለባለ ጭራዋም ቢሆን አላዳላባትም አባባ" አለች። "አራት ልጅ ላለው፣ ግቢና ጋራዥ ላለው፣ በየሳምንቱ አሌክሳንድርያ ለሚመላለስ ሰው እሷ ትሻላለች። ረዥም መንገድ ላይ ጸጥ ትላለች፣ ከኋላ ሦስት ሰው ሳይጨናነቅ ይቀመጣል። የኛ ጋራዥ ግን ሺሐታ ነው።"

ሐጂ ዞር ብለው አዩኝ። ጋራዥ መባሌን ገና እያጣጣምኩት ነበር።

"ደግሞ ይቺን አንብበዋታል?" ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "የእጅ ፍሬኗ ማንሻ የለውም። በጣት የሚጫኑት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ራሷን ትይዛለች፣ ማርሹም ይቆለፋል። ቁልፉ ከሌለ አትላወስም።"

"ሻጩ፣ ሌባ አይገፋትም ብሎኛል።"

"ሺሐታም አይገፋትም" አለች ሪሃም። "እዚህ መንገድ ላይ የማትገፋ መኪና ግድግዳ ናት አባባ። ባለ ጭራ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካሉ እንኳ ማንሻ ያላትን ይፈልጉ።"

በመጨረሻ ሐጂ፣ ሪሃም ከቦርሳዋ ያወጣችውን የጭራ ቆራጣዋን ወረቀት ተቀብለው አራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ። እስኪ ላስብበት አሉ። እኔ ሰው ሲረታ አውቃለሁ፤ ሰውየው ኪስ ውስጥ የቱ ወረቀት እንደገባ ማየት ነው። የተማረ ሰው ምክር ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ አልጮኸችም፣ አላዋረደቻቸውም፣ በገዛ ከዘራቸው ለክታ አሳየቻቸው። እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እናንተን ባላደከምኳችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ ብቻቸውን መጥተው ወንበሬ አጠገብ ቆሙ።

"ሺሐታ፣ አንተ ስንቱን ስትገፋ ኖረሃል። የቱ ይሻላል ትላለህ?"

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሐሳቤን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። እንደ ሰው መመለስ ነበረብኝ። ግን የሐጂ ጺም ሲናደዱ እንደ ዶሮ ክንፍ ይርገበገባል፤ ያን ማየት ደግሞ ለኔ ከምሳ ይበልጥብኛል።

"ጭራ ቆራጣዋ ናት" አልኩ። "በድራንም ይህንኑ ብሏል።"

"በድራን ምን አገባው?"

"ረድዋን ዞሮ ዞሮ የኔዋን መኪና ታናሽ እህት ነው የሚገዛው፣ ጡረተኛ ምን ምርጫ አለው አለ። እንዳይከስርም አሮጌውን የመኪናዬን የወንበር ልብስ አወልቅለታለሁ አለ።"

ጺማቸው ተርገበገበ። በድራን መጀመሪያ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ እዚሁ መንገድ ላይ በጋሪ ሸንኮራ የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ሐጂ ያኔ ኮትና ክራባት ለብሰው ወደ ቢሮ ያልፉ ነበር። ዛሬ ባለ ሱቅ፣ ባለ ቀይ መኪና ነው። እንዲህ ያለ ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። በድራን ዝምተኛ ነው፤ የሚጮኸው መጭመቂያው ብቻ ነው። ሐጂ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ፤ እኔ በልቤ አንድ ሰዓት ሳቅኩ።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ከላይ ቅርጫት ወረደ። እትዬ ኢንሺራሕ ደረጃ ስለማይችሉ የሚፈልጉትን ሁሉ በገመድ በታሰረ ቅርጫት ከሰገነታቸው ያወርዳሉ፣ ያወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ለኔ የተቀዳ ሻይ ነው። ሻዩን ሳነሣ ከላይ ተጠራሁ።

"ሺሐታ፣ በድራን እውነት እንዲያ ብሏል?"

"እርስዎ ደግሞ፣ እትዬ። ቀልድ ነው።"

"ላንተ ቀልድ ነው። የኔው ሰውዬ ግን ምሳውን አልበላም። ቶሎ ሂድና ቀልድ ነው በለው።"

"እሺ፣ ነገ።"

"ዛሬ በለው። ነገ ሊከፍል ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ገመዱን ይዘው ወደኔ አጎነበሱ። "ትንሿን የፈለግኳት እኮ ልነዳት ነው። ሪሃም ልታስተምረኝ ተስማምተናል፣ እሱ አያውቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያደርሰኝ ኖርኩ።"

እኔ ሻዩን እየጠጣሁ፣ ነገ በጠዋት አልኳቸው። ክፋት አልነበረብኝም። ቀልዱ ገና አላለቀልኝም ነበር እንጂ።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ግራጫዋ ባለ ጭራ መንገዳችን ገባች። ዘጠኝ ጊዜ ወደፊት፣ ዘጠኝ ጊዜ ወደኋላ ብላ ነው የታጠፈችው። ሐጂ በግ አረዱ፤ በደም የተነከረ መዳፋቸውን ለክፉ ዓይን መከላከያ ኮፈኗ ላይ አተሙ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎ አለ። በድራንም የጭማቂ ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣ፤ ሐጂ እንዳላዩ አለፉት። በድራን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ እኔን አየኝ። እኔ ጎማ አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂ መኪናቸውን ሌላ ቦታ አያቆሙም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ልክ በበድራን ቀይ ጭራ ቆራጣ አጠገብ አምጥተው ይገትሯታል። በድራን መውጣት ሲፈልግ እኔ ወደ ፎቅ እጮኻለሁ፣ ሐጂ ዝግ ብለው ይወርዳሉ፣ አስነሥተው ያሳልፉታል፣ ያለ ሰላምታ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ቢደክመኝ፣ ቁልፉን እኔ ጋ ይተዉት እንጂ ሐጂ አልኳቸው።

"ቁልፍ ላንተ?" አሉኝ። "አውቶቡስ ከነተሳፋሪው ብቻዬን ገፋሁ ለሚል አፍ? ከተማውን ዞረህባት ቆማ ነበር ብትለኝ በምን አውቃለሁ?"

እውነታቸውን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ወረዱ። የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ሞቶባቸው ሐልዋን ድረስ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ለቅሶ ሊደርሱ ነው። መኪናዋን አልፈው ወደ ምድር ውስጥ ባቡር ሲያቀኑ ገርሞኝ ጠየቅኳቸው። ከተነሣሁ ቦታዬን ማን ይጠብቅልኛል አሉ። መኪና የገዛ ሰው ለመኪናው ቦታ ሲል ሁለት ባቡር ቀይሮ ሄደ። ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው። ይህን ለስንት ሰው አውርቼ እንደማስቅ እያሰብኩ ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ ቅርጫቱ ወደቀ። አልወረደም፤ ከነገመዱ ወደቀ፣ እግሬ ሥር። ቀና ስል እትዬ ኢንሺራሕ የሰገነቱን ብረት በግራ እጃቸው ይዘዋል፤ ቀኝ እጃቸው እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ሊነግሩኝ የፈለጉት ነገር ነበር።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በድራን ከኋላዬ ነበር፤ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ። አቅፈን አወረድናቸው፤ ከታች ስንደርስ ቀይዋ እንደ ወትሮዋ ጥጉን ይዛ ቆማለች፣ ግራጫዋ ደግሞ ከጎኗ ተደቅናለች።

"ሺሐታ፣ ግፋት" አለ በድራን።

ገፋኋት። ድፍን ሹብራን የገፋ ትከሻዬን ሰጠኋት። በድራን ገፋ፣ የዳቦ ቤቱ ሰው ወጥቶ ገፋ፣ ከሚኒባስ የወረዱ ሰዎች ገፉ። አሥራ ሁለት ሰው ሆንን። የማንቂያ ደወሏ መጮኽ ጀመረ። አንዱ መስታወት እንስበር ሲል፣ በስልክ ያገኘናት ሪሃም መስበር ፍሬኑን አይለቀውም አለች፤ ከትምህርት ቤቷ በሩጫ መንገድ ላይ ነበረች። የሐጂ ስልክ ለቅሶ ቤት ቁርዓን ሲቀራ ተዘግቷል። አምቡላንስ ተጠርቷል፤ እየመጣ ነው፣ ትልቁ መንገድ ተዘግቷል አሉን። ጎኗን ይዘን እያነጠርን ልንወስዳት ሞከርን፤ ሌላውን መኪና ሁሌ እንዲያ ነው የምናደርገው። ስንዝር ሄደች። እኔ በሕይወቴ ሁሉ ያወራሁትን ያህል ገፍቼ ያንቀሳቀስኩት ስንዝር ነው፤ ይህን አላሳደግኩትም፣ አላሳነስኩትም።

መጨረሻ ላይ በኔ ወንበር አስቀምጠን፣ አራት ሆነን ተሸክመን፣ ጠቅላላ መንገዱን በእግር ወደ አስፋልቱ አወጣናቸው። አንድ የሚኒባስ ሾፌር ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ጫነልን። ሐኪም ቤት ስንደርስ ቅርጫቱ ከወደቀ ሃምሳ ደቂቃ አልፏል። በቀይዋ መኪና አሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው፤ በድራን ስንት ጊዜ ሄዶበታል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ለሪሃም በዝግታ ነገራት። የአንጎል ደም ሥር ነው፣ በዚህ ሕመም የምታልፍ እያንዳንዷ ደቂቃ አንድ ነገር ይዛ ነው የምትሄደው፣ ቀድመው ቢደርሱ የሚተርፈው ብዙ ነበር አላት። በሕይወት ተርፈዋል። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ግን አልተመለሱም። ንግግራቸውም አልተመለሰም፤ ከአንዲት ቃል በስተቀር። ሐኪሙ አንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ብቻ ይቀርለታል፣ የትኛዋ እንደምትቀር ግን አይታወቅም አለ።

ለእትዬ ኢንሺራሕ የቀረችላቸው ቃል "ነገ" ናት። ውኃ ሲፈልጉ ነገ ይላሉ። ሲያማቸው ነገ ይላሉ። ሰው ሲሰማ ያለቅሳል፣ ምን ተስፋ ቢኖራቸው ነው ይላል። እኔ አላለቅስም፤ ከየት እንደመጣች አውቃታለሁ።

ሐጂ ያን ዕለት ሲመለሱ መኪናቸው ባቆሙባት ቦታ ነበረች፣ ስንዝር ስታንስ። ኮፈኗ ላይ የሳቸው የደም መዳፍ ደርቋል፤ ዙሪያውን አቧራው ላይ የአሥራ ሁለት ሰው መዳፍ ታትሟል። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ያዩት ጀመር። ጣታቸው ሲነካው መኪናዋ ጪጭ ብላ መብራቷን አበራች፣ ወዲያው ተከፈተች።

ሪሃም አንድም ቀን ነግሬዎት ነበር አላለችም። ራሳቸው ነገርሽኝ ነበር ሲሏት፣ አባባ አሁን ስለ መኪና አናውራ አለች። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቃታቸው። ግራጫዋን ሸጡ፤ ነጭ ጭራ ቆራጣ ገዙ፣ የእጅ ፍሬኗ ማንሻ ያላት፣ ፎሌ የምትገባ። አሁን ሰፈራችን ውስጥ አዲስ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ቢኖር ሐጂ በከዘራቸው ያስቆሙታል።

"መኪና ቤት ከመሄድህ በፊት የምትኖርበትን መንገድ ለካ" ይሉታል። "ቁመቷን ሳይሆን ማቆሚያህን እይ። በዓመት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ ብለህ በየቀኑ የምትቸገርባትን አትግዛ። ትንሿ ቤንዚን አትጨርስብህም፣ ጎማዋ አያስለቅስህም፣ ወንበሯን ካጠፍከው የቤትህን ዕቃ ትጭናለች። ትልቅ ቤተሰብና ጋራዥ ካለህ ትልቋን ግዛ፣ አላማህም። የለህም እንጂ። ማን ምን ይለኛል ብለህ የገዛሃት መኪና ግን ያ ሰው መጥቶ አይነዳልህም።" ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ እንደ ድሮ የባቡር ሰዓት ዝርዝር ያነቡታል። ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል። ለመግዛት ያሰቡ አምስት ሰዎች እስካሁን በሳቸው ምክር ትንሿን ገዝተዋል፤ መንገዳችን በእውነት ሰፋ ብሏል። ለሌላው ሰው ሁሉ ጠቅሟል።

ነጯ በመጣች ማግስት ሐጂ ወደ ጭማቂ ቤቱ ሲገቡ አየሁ። ወንበሬ በራፉ ላይ ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል።

"በድራን" አሉ፣ "ይኸው እንዳልከው የመኪናህን ታናሽ እህት ገዛሁ። ከኋላህ መጣሁ። ያን የወንበር ልብስ አሁን ስጠኝ፤ አልቀየምም።"

መጭመቂያው ቆመ። በድራን "የትኛውን የወንበር ልብስ" ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት። ከዚያ በሐጂ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ብዙ አየኝ። የሰላምታው መቅረት፣ ማንቆርቆሪያው፣ መኪናዋ ከጎኑ መገተሯ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

"አዎ፣ ሐጂ" አለ። "ብዬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

ወጥቶ ከገዛ መኪናው ላይ ልብሱን አወለቀ። አሮጌ አልነበረም፤ ከገዛው ስድስት ወር አልሞላውም። አራግፎ፣ አጥፎ፣ በሁለት እጁ ሰጣቸው። በኔ በኩል ሲመለስ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አለፈኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እትዬ ኢንሺራሕ በሳምንት ሁለቴ በዚያ ልብስ ላይ ተቀምጠው ወደ ሐኪም ይሄዳሉ። የምትነዳው ሪሃም ናት። ባለፈው እሑድ በሩን ከፍቼላቸው ሲቀመጡ፣ ግራ እጃቸውን አሻግረው መሪውን ነኩት፤ ዳበስ፣ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ነገ" አሉኝ።

የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ጎንበስ አልኩላቸው።

"ዛሬ፣ እትዬ" አልኳቸው።

ሐጂ እዚያው ከመኪናዋ ኋላ ቆመው ነበር። ጭራ ቆራጣዋን ሲገዙ፣ ለእትዬ ክፉ ቀን ብለው አንድ ትርፍ ቁልፍ ለኔ ሰጥተውኛል፤ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እውላለሁ። አውልቄ በመዳፌ ያዝኩትና ሁሉንም ነገርኳቸው፦ በድራን ምንም እንዳላለ፣ የጺማቸውን መርገብገብ ለማየት እንደፈጠርኩት፣ እትዬ ዛሬ በለው ብለውኝ ነገ እንዳልኩ። አላሳመርኩትም። ሪሃም መሪውን ይዛ ወደፊት ታያለች፤ ትስማ አትስማ አላውቅም።

ሐጂ ጺማቸው አልተርገበገበም። እጃቸውን ዘረጉ፣ ቁልፉን አስቀመጥኩላቸው። ገለባበጡት።

"ውሸቱ ያንተ ነው" አሉ። "መኪናዋን የገዛሁት እኔ ነኝ።"

ወደ በድራን ሱቅ ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመለሱ። ቁልፉን መልሰው እጄ ላይ አደረጉት።

"ለሷ ነው" አሉ። "ላንተ አይደለም። ያዝ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐጂ ከበድራን ጋር በየማለዳው ጭማቂ ይጠጣሉ። እኔን ሰላም አይሉኝም፤ አጠገቤ ሲያልፉ አንገቴን ብቻ ያያሉ፣ ቁልፉ መኖሩን።